አስተማሪ ባይኖር አራሚ ይኑር

መቀሌ ውስጥ ከሥራ መልስ እንግሊዝኛ የሚያጠና አዋቂ ሰው በየሰፈሩ አለ። ዓይደር ሆስፒታል አካባቢ ተረኛነታቸውን ጨርሰው መጽሐፍ የሚገልጡ ነርሶች አሉ። ዓዲ ሓቂ ካፌዎች ውስጥ ማዳመጫ በጆሯቸው ሰክተው ቃላት የሚመዘግቡ የሒሳብ ሠራተኞች አሉ። እኔ ባዮሎጂ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በዕረፍት ሰዓት ስለ እንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው አይኤልትስ የማያወራ ወጣት መምህር ጥቂት ነው። እኔ ፈተናውን ወስጄ ስለተመለስኩ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ኮርስ ሳይገቡ፣ አስተማሪ ሳይቀጥሩ ይቻላል ወይ?"

ይቻላል። ዕድሜዬ አርባን አልፎ፣ ሁለት ልጆች እያሳደግሁ፣ ቀን እያስተማርኩ ማታ አጥንቼ የምፈልገውን ውጤት አግኝቻለሁ። ነገር ግን ለጠያቂዎቼ ሁሉ አንድ ነገር ጨምሬ እነግራቸዋለሁ። አስተማሪ ሳይኖር መማር ይቻላል፤ የሚያርም ሰው ሳይኖር ግን መሻሻል በጣም ከባድ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀውን ውጤት ማወቅ

አይኤልትስ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ፣ ብሪቲሽ ካውንስል፣ አይዲፒ እና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተቋም በጋራ የያዙት ፈተና ነው። ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የአሜሪካው ቶፍል አለ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቤት ተቀምጠው በኮምፒውተር የሚወስዱት የዱዎሊንጎ ፈተና መጥቷል። በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ አይኤልትስ ስለሆነ እኔም በእሱ ላይ አተኩራለሁ።

ፈተናው አራት ክፍል አለው። ማዳመጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ 40 ጥያቄ አለው። ማንበብ አንድ ሰዓት ነው፤ እሱም 40 ጥያቄ አለው። መጻፍ አንድ ሰዓት ሆኖ ሁለት ጽሑፍ ያስጽፋል። መናገር ከፈታኙ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚደረግ ንግግር ነው። ውጤቱ እስከ 9 ድረስ ይሰጣል። "አለፈ"፣ "ወደቀ" የሚባል ነገር የለም፤ ስንት እንደሚበቃ የሚወስነው የሚቀበላችሁ ተቋም ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ዲግሪ 6.5 ይጠይቃሉ። የእንግሊዝ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት ደግሞ በንባብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ይፈልጋል። ስለዚህ ነርሷና መምህሩ አንድ ፈተና ቢፈተኑም የሚዘጋጁት ለአንድ ዓይነት ግብ አይደለም። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ መቼ እንደሚፈተኑም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

አጠቃላይ ውጤቱ የአራቱ አማካይ ነው። እኔ በንባብ 7.5፣ በማዳመጥ 6.5፣ በመጻፍ 6፣ በመናገር 6 አመጣሁ፤ አማካዩ 6.5 ሆነ። አማካዩ 6.25 ሲመጣ ወደ 6.5፣ 6.75 ሲመጣ ወደ 7 ይጠጋጋል። የእኔን ቁጥሮች እዚህ ላይ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በንባቡና በንግግሩ መካከል ያለው ርቀት የእኔ ብቻ አይደለም፤ ውጤታቸውን ካሳዩኝ የሙያ ባልደረቦቼ መካከል የአብዛኞቹ መልክ ይኸው ነው።

እንግሊዝኛችን የዓይን እንግሊዝኛ ነው

በትግራይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በትግርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ከታች ጀምሮ ይሰጣል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን የሁሉም መጽሐፍ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ክፍል ውስጥ የሚነገረው ሌላ ነው። እኔ ራሴ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፤ ሳስረዳ ግን ኦስሞሲስ፣ ሚቶኮንድሪያ፣ ፎቶሲንተሲስ ከሚሉት ቃላት በቀር በመካከላቸው ያለው ሁሉ ትግርኛ ነው። ተማሪው እንዲገባው የማደርገው ስለሆነ አላፍርበትም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ ለብዙ ዓመታት "በእንግሊዝኛ" ያስተማረ መምህር አንድ ሙሉ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ብቻ ተናግሮ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ፈተናዎቻችንም ይህንኑ ያጠናክራሉ። ከአራት ምርጫ አንዱን ማክበብ የለመደ ሰው ትክክለኛውን ቃል ሲያየው ያውቀዋል፤ ራሱ አምጣ ሲባል ግን አይመጣለትም።

የትግራይ ጦርነት ዓመታት ደግሞ ይህን አባባሱት። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ባንክ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤቱም ሲቆም በእጄ የነበረው ፎቶ ኮፒ የተደረገ የካምብሪጅ የልምምድ መጽሐፍ፣ አንድ መዝገበ ቃላትና በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ነበር። ያረጁ የፈተና ወረቀቶች ጀርባ ላይ ጻፍኩ፤ ባትሪ ሲገኝ ቢቢሲን አዳመጥኩ። ሁሉም ቤቱ ተቀምጦ ስለነገው በሚጨነቅበት ጊዜ ማን የማንን ድርሰት ያርማል? በዚያ ጊዜ ንባቤ አደገ፤ ንግግሬ ግን ባለበት ቆመ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈርሞ አገልግሎቶች ቀስ በቀስ ሲመለሱ፣ መጀመሪያ የፈለግሁት አዲስ መጽሐፍ ሳይሆን ስህተቴን የሚነግረኝ ሰው ነበር።

ጆሮ፦ አንዴ ብቻ የሚሰማ ድምፅ

የማዳመጥ ፈተናው ድምፅ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የዕለት ተዕለት ጭውውት ነው፤ አንድ ሰው ክፍል ሲያስይዝ ወይም ኮርስ ሲመዘገብ። ቀላል ይመስላል። ብዙዎቻችን ነጥብ የምንጥለው ግን እዚህ ነው፤ ስም ፊደል በፊደል ሲነገር ኤ እና ኢ፣ ጂ እና ጄ ይምታታሉ፤ አሥራ አምስትና ሃምሳም እንዲሁ። ሰዓት ሲነገር ደግሞ ዘጠኝ የሚለውን ሰምቶ "በእኛ ሦስት ሰዓት ነው" እያለ የሚያሰላ ሰው ቀጣዩን መልስ ያልፈዋል። የተሰማውን ቁጥር ሳይመነዝሩ እንደተሰማ መጻፍን መለማመድ ያስፈልጋል።

ሌላው የቃል መጨረሻ ነው። ብዙ ቁጥርን የምታመለክተው ኤስ ካልተጻፈች መልሱ ስህተት ነው። የፊደል ግድፈትም እንዲሁ። "ከሁለት ቃል አይብለጥ" ተብሎ ሦስት ቃል የጻፈም ነጥብ አያገኝም። በተቃራኒው ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ባዶ ቦታ መተው አያስፈልግም። ከ40 ጥያቄ 23 ገደማ የመለሰ 6፣ 30 ገደማ የመለሰ 7 ያገኛል። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች የነጥብ ልዩነት የሚያመጡት ለዚህ ነው።

እኔን የጠቀመኝ ልምምድ ይህ ነው። ጽሑፉ አብሮት ያለ አጭር ድምፅ አወርዳለሁ፤ የቢቢሲው ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ እና የብሪቲሽ ካውንስል ለርን ኢንግሊሽ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ሁለት ደቂቃ ያህሉን እያቆምኩ ቃል በቃል እጽፋለሁ። ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያያለሁ። ያመለጠኝን በቀይ እስክርቢቶ ስጽፍ፣ ያመለጡኝ የማላውቃቸው ቃላት አልነበሩም፤ አብዛኞቹ በፍጥነት የሚዋጡ ትንንሽ ቃላት ነበሩ። እዚህ ላይ አራሚው ጽሑፉ ራሱ ነው። ኔትወርክ ደህና በሆነ ሰዓት የሳምንቱን አውርዶ ማስቀመጥም ይጠቅማል፤ ባጃጅ ውስጥም፣ እንጀራ ሲጋገርም ይሰማል።

ብዕር፦ ሐሳብን ከፊት ማምጣት

የመጻፍ ፈተናው ታስክ 1 እና ታስክ 2 ይባላል። አካዳሚክ በሚባለው የፈተናው ዓይነት ታስክ 1 ግራፍ ወይም ሠንጠረዥ በ150 ቃል የሚገለጽበት ነው። ታስክ 2 በ250 ቃል ሐሳብ የሚቀርብበት ድርሰት ሲሆን ክብደቱ የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ስለዚህ 20 ደቂቃ ለአንዱ፣ 40 ደቂቃ ለሌላው መስጠት ይመከራል።

ለታስክ 1 የራሴን ግራፍ ሠራሁ። የመቀሌ ዝናብ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ፣ ከመስከረም በኋላ የሚነጥፍ ነው። የወራቱን ዝናብ በመስመር አስቀመጥኩና ገለጽኩት። የማውቀውን ነገር ስለምጽፍ ጭንቀቴ ሁሉ ቋንቋው ላይ ሆነ፤ ከፍ አለ፣ አሽቆለቆለ፣ ባለበት ቆየ፣ ጣሪያ ነካ የሚሉትን በእንግሊዝኛ ደጋግሜ ተጠቀምኩባቸው። ሌላው የትምህርት ቤቱን የተማሪ ቁጥር ሊወስድ ይችላል፤ ነጋዴ የሽያጭ መዝገቡን።

ታስክ 2 የከበደኝ በሰዋስው አልነበረም። "መንግሥት ለሕዝብ ትራንስፖርት ወይስ ለመንገድ ግንባታ የበለጠ ገንዘብ ያውጣ?" የሚል ጥያቄ ላይ የጻፍኩትን ለትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ መምህርት ሰጠኋት። መልሳ ስትሰጠኝ የሰዋስው ስህተቶቹን ትታ የመጀመሪያውን አንቀጽ በሙሉ ከብባው ነበር። አንቀጹ ስለ ትራንስፖርት ታሪክ፣ ስለ ሰው ልጅ እንቅስቃሴ፣ ስለ ከተሞች ዕድገት ይናገራል፤ እኔ ምን እንደማስብ ግን የትም አልነበረም። "ሐሳብሽ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው ያለው" አለችኝ። በአማርኛም በትግርኛም ግሡ የሚመጣው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጨዋታችንም ከሰላምታና ከዙሪያው ነገር ተነሥቶ ወደ ዋናው ይደርሳል። ፈታኙ ግን አቋሜን በመጀመሪያው አንቀጽ ማግኘት ይፈልጋል፤ ቀሪዎቹ አንቀጾች ያንን በምክንያትና በምሳሌ እንዲደግፉ ይጠብቃል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን የራሴ አንቀጽ ተከቦ ሳየው ነው።

ከዚያ በኋላ አሠራራችን እንዲህ ሆነ። እኔ ለልጇ ባዮሎጂ አስጠናለሁ፤ እሷ በሳምንት አንድ ድርሰቴን ታርማለች። ሁሉንም ስህተት እንዳታርም ለመንኳት፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ዓይነት ስህተት ብቻ ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ማስተካከሉ የእኔ ሥራ ነው። ስህተቶቹን በአንድ ደብተር መዘገብኩ። ከስም በፊት የሚገቡት አርቲክሎች፣ የሦስተኛ ሰው ኤስ፣ የኃላፊ ጊዜ፣ መስተዋድድ፤ አራቱ ብቻ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ስህተቴን ይዘዋል። ያንኑ ርዕስ ከጥቂት ቀን በኋላ ሳላይ እንደገና እጽፈዋለሁ። አዲስ ርዕስ በየቀኑ ከመጻፍ የታረመውን እንደገና መጻፍ ይበልጣል።

ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በስልክ አለ፤ ሰው ለሌለው ጥሩ አጋዥ ነው። አጠያየቁ ግን ልዩነት ያመጣል። "አስተካክልልኝ" ሲባል ድርሰቱን የእናንተ ያልሆነ አድርጎ ይጽፈዋል፤ እናንተ ግን ምንም አልተማራችሁም። "የት እንደተሳሳትኩ ብቻ አሳየኝ፣ አታስተካክል" ብላችሁ እዘዙት። የተሸመደደ ድርሰት ይዞ መግባትም አይጠቅምም፤ ፈታኞች ያውቁታል፣ ነጥብም ያስቀንሳል። ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ኪቦርድ ላይ መጻፍን አስቀድማችሁ ተለማመዱ፤ ጣቱ ቀርፋፋ የሆነ ሰው ሐሳብ ሞልቶት ሰዓት ያልቅበታል።

አንደበት፦ ሁለት ደቂቃ ስለ አሸንዳ

የመናገር ፈተናው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ስለ ራስ፣ ስለ ሥራና ስለ መኖሪያ ይጠየቃል። ቀጥሎ ርዕስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጥና አንድ ደቂቃ ለማሰብ፣ እስከ ሁለት ደቂቃ ለመናገር ይፈቀዳል። በመጨረሻ በርዕሱ ላይ ጠለቅ ያለ ውይይት ይደረጋል። የሚመዘነው አራት ነገር ነው፤ ሳይቆራረጡ መናገር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስውና አነጋገር። እንደ እንግሊዝ ተወላጅ መናገር አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሰሚው ሳይቸገር እንዲረዳን ነው።

የልምምድ ጓደኛዬ ለነርስነት ሥራ የሚዘጋጅ ወጣት ነበር። አንድ ቀን "የምትወዱትን በዓል ግለጹ" የሚለውን ካርድ አወጣልኝ። የመረጥኩት አሸንዳን ነው፤ ልጅ ሆኜ ከበሮ ይዤ የዞርኩበት፣ አሁን ሴት ልጄ ሹሩባ ተሠርታ የምትወጣበት በዓል ነው። ከዚህ በዓል የበለጠ የማውቀው ነገር የለም። ስልኩን ለቅጂ ከፍቶ ሰዓት ያዘ። ስጨርስ "መምህር፣ አንድ ደቂቃም አልሞላ" አለኝ። ቅጂውን ስንሰማ ልጃገረዶች ይጨፍራሉ፣ ቬሪ ናይስ፣ ቬሪ ቢዩቲፉል፣ ደግሞ ቬሪ ናይስ። ልቤ ውስጥ የነበረው በዓል አንድም ቦታ የለም።

ስለዚህ ርዕሱን ወደ ጥያቄ ከፈልነው። መቼ ነው? በነሐሴ አጋማሽ፣ ከፍልሰታ ጾም መፈታት ጋር። ልጆቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ምንድን ነው? በዓሉ ስሙን ያገኘበት ረጅም ለምለም ሣር። ሮማናት አደባባይ ላይ ሲደርሱ ምን ይሰማል? እናቴ ምን ታደርግልኝ ነበር? ዛሬ ምን ተለወጠ? እነዚህን እየመለስኩ ደጋግሜ ስናገር ሁለቱ ደቂቃ ሞልቶ ተረፈ፤ "ቬሪ ናይስ" የሚለውም ቦታ አጣ። ለማንኛውም ርዕስ መንገዱ ይህ ነው፤ ከራስ ሕይወት የታወቀ ነገር መምረጥ፣ ከዚያ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ለምን ብሎ መዘርዘር።

የራስን ድምፅ መስማትም ሌላ የሚያስተምረው ነገር አለ። ኃላፊ ጊዜን የሚያሳየው ኢዲ በብዙ ግሦች ላይ የሚሰማው እንደ ት ነው፤ እኛ ግን እንደተጻፈው "ወርክድ"፣ "ሉክድ" እንላለን። ተነባቢዎች ሲደራረቡም በመካከላቸው አናባቢ እንጨምራለን። በአንድ ጊዜ አንድ ችግር መርጦ ለሳምንት እሱን ብቻ መከታተል ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ገንዘብና ወረቀት

ዝግጅቱ በነፃ ሊሆን ይችላል፤ ፈተናው ግን ውድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በዶላር የሚታሰብ ማንኛውም ክፍያም እንዲሁ። እኔ የተፈተንኩት አዲስ አበባ ስለሆነ የጉዞና የማደሪያ ወጪ ተጨምሮበታል። በዚህ ሁኔታ "ልሞክረው" ብሎ መመዝገብ ለመምህር ኪስ አይሆንም። ሰዓት ይዛችሁ ሙሉ የልምምድ ፈተና ሠርታችሁ ከሚፈለገው ውጤት ስትደርሱ ተመዝገቡ።

ከመክፈላችሁም በፊት የምታመለክቱበትን ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ይህንን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ በፈተና ፋንታ የሚቀበሉ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሌሎች ደግሞ ዋጋው ዝቅ ያለውን ዱዎሊንጎን ይቀበላሉ። እሱ ግን በኢንተርኔት የሚከፈልበት የባንክ ካርድ ይጠይቃል፤ አንድ ሰዓት ያህል የማይቆራረጥ መብራትና ኔትወርክም ያስፈልገዋል። የምዝገባ ስማችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደገባ አይታችሁ ቅዱት። ፈተናውን አስቀድሞ አገኛለሁ ወይም ውጤት በገንዘብ አስገኛለሁ የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ገንዘባችሁንም የወደፊት ዕድላችሁንም ይዞ ይሄዳል።

ለሚያጠኑም ለሚያርሙም

ለዓመታት ትምህርት የተቋረጠባት ከተማ ውስጥ ዕውቀቱን ይዞ ዕድል የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ኮርስ የሚገባበት ገንዘብ የለውም፤ ፍላጎትና ጥረት ግን አይጎድለውም። የጎደለው የጻፈውን አንብቦ "እዚህ ጋ አልገባኝም" የሚለው ሰው ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህራንን እለምናለሁ፤ በሳምንት አንድ ድርሰት አርሙ። ፈተናውን ወስዳችሁ የተመለሳችሁ፣ ለአንድ ጀማሪ ግማሽ ሰዓት ስጡ። ዩኒቨርሲቲዎችና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም አዋቂዎች ተገናኝተው የሚነጋገሩበት አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ማታ ቢከፍቱ ወጪው የመብራት ብቻ ነው።

እናንተ የምትዘጋጁ ደግሞ ሁሉ ነገር እስኪሟላ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ 250 ቃል ጻፉ፤ ነገ ጠዋት ከእናንተ ትንሽ ለሚሻል ሰው ስጡና "የት እንደተሳሳትኩ አሳየኝ" በሉት።